ለሪፈረንስ ክፍሉ ጋሼ ምስጋና፣ ለሚዲያ ተማሪዎች ጥቆማ

ድሬዳዋ ውስጥ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የምትማሩ፣ በተለይ ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዛችሁ፣ ይቺን አንብቧት።

የማመሰግነው የላይብረሪያችንን የሪፈረንስ ክፍል ሠራተኛ ነው። "ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳላየው" ስላሉኝ እኛ እንደምንጠራቸው ጋሼ ብቻ ልበላቸው።

ርዕሴ የከተማችን ሬዲዮ የስልክ ውይይት ነው። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ማን ይደውላል? ስለ ምንስ ያወራል? ለዚህ የሚሆን አንድ ያለቀለት መጽሐፍ ከየት ይመጣል? ጋሼም አለ ብለው አላሞኙኝም። "ስለ ድሬ አትፈልጊ። ስለ ሬዲዮና ስለ አድማጭ ፈልጊ፤ ድሬን አንቺ ትጽፊያታለሽ" አሉኝ።

ከዚያ ተነስተው ሼልፍ ለሼልፍ ይዘውኝ ዞሩ። ላይብረሪያችን መጽሐፍ የሚደረድረው በዲዊ ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ የራሱ ቁጥር አለው ማለት ነው። አብዛኞቻችን 070 ጋር ቆመን እንመለሳለን፤ ጋዜጠኝነት እዚያ ነዋ! ሚዲያን ከማኅበረሰብ ጋር አያይዘው የሚያዩት መጻሕፍት ግን 302.23 ላይ፣ በሶሺዮሎጂ ሰፈር ናቸው። ፊልም፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ደግሞ ራቅ ብሎ ከኪነ ጥበቡ ጋር፣ 791.4 ላይ። የአንድ ዲፓርትመንት መጻሕፍት ሦስት ቦታ! ስለ ሚዲያ ሕግ የምትሠሩ ከሆነ ነጋሪት ጋዜጣው ጋር ሂዱና የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን ራሱን አንብቡ።

ኢንተርኔቱ ላይ የጆርናል ጽሑፍ በከፈትኩ ቁጥር ክፈይ ይለኛል፣ ያውም በዶላር። ጋሼ ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለውን የጆርናል ጽሑፎች ድረ ገጽ አሳዩኝ። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች አንዷ ናት፤ ተቋሙ ይመዘገብና ተማሪው መግቢያውን ከላይብረሪው ይቀበላል። ያገር ውስጡን ጥናት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ አወረድን፣ ያለ ክፍያ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን አፈላለጉ ነው። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኛችሁ፣ መጨረሻው ላይ የዘረዘራቸውን ምንጮች ይዛችሁ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ከዚያ ጉግል ስኮላር ላይ ያንን ጽሑፍ የጠቀሱትን እያያችሁ ወደ አሁኑ ትመጣላችሁ። ብዙ ሳትቆዩ በመስኩ እነማን እየተጠቃቀሱ እንደሚጽፉ ይገባችኋል። ይህንን ክፍል ውስጥ ለምን እንዳላስተማሩን አላውቅም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጋሼ ቁጡ ናቸው። "ስለ ሚዲያ የሆነ ነገር ይስጡኝ" ያላቸውን ልጅ "ጥያቄህን ጽፈህ ና" ብለው መልሰውታል። ልክ ናቸው አቦ! ርዕሳችሁን በሁለት መስመር ጽፋችሁ ሂዱ። ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት ግማሹ ተማሪ ሙቀት ሸሽቶ ቬንትሌተር ሥር ለመቀመጥ ስለሚገባ እሳቸውም ፋታ የላቸውም። ፍላሽ አትርሱ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ምዕራፍ ሁለትን አስረክቤያለሁ፤ ለሦስተኛው ሰኞ እመጣለሁ።