የሰባዎቹ፣ የዘጠናዎቹ ወይስ አዲስ? ሆላንድ ውስጥ የቤተሰብ ቤት ለምትገዙ

«ያኛው እኮ በአርባ ሺህ ዩሮ ይረክሳል!» ቤት የሚፈልግ ወዳጅ ሁሉ ይህን ይለኛል። ከዚያ ፉንዳ በሚባለው የቤት ሽያጭ ድረ ገጽ ላይ ያየውን ይልክልኛል። ነጭ የተቀባ ግድግዳ፣ ግራጫ ላሚኔት ወለል፣ አዲስ የሚመስል ኩሽና፤ የተሠራበት ዓመት 1974። ከእሱ ጋር የሚያወዳድረው ደግሞ በ1992 የተሠራ፣ መታጠቢያ ቤቱ ቡናማ ሴራሚክ የሆነ፣ ፎቶው ምንም የማይስብ ቤት ነው። የሁሉም ልብ ወደ ነጩ ይሄዳል። የእኔ መልስ ግን አይቀየርም፦ ባለ ቡናማ ሴራሚኩን ግዙ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የማወራው ልጆች ይዘው ከትልቅ ከተማ ወጣ ብለው መኖር ለሚፈልጉ ነው። ከኋላ ጠባብ ጓሮ ያለው፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ተርታ ቤት፣ ጸጥ ያለ ሰፈር። ዴን ሃግ (ዘ ሄግ) አጠገብ ያለችውን ከተማ ዙተርሜርን እንውሰድ። ሜርዚኽት የሰባዎቹ ሰፈር ነው። ሮከቬን ደግሞ የሰማንያዎቹ መጨረሻና የዘጠናዎቹ ሲሆን፣ በ1992 ፍሎሪያደ የተባለው የአበባ ኤግዚቢሽን የተካሄደውም እዚያው ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በብስክሌት ትደርሳላችሁ። ዛፉም፣ ጸጥታውም፣ ወደ ዴን ሃግ የሚወስደው ባቡርም ያው ነው። ስለዚህ ስለ ሰፈሩ ብዙ አልልም፤ ስለ ቤቱና ስለ ገንዘቡ ላውራ።

ለምሳሌ ያህል የ1974ቱ 400,000፣ የ1992ቱ 440,000፣ አዲሱ ደግሞ 490,000 ዩሮ ተባለ እንበል። የ1974ቱ የኢነርጂ ደረጃ (ቤቱ ምን ያህል ኃይል እንደሚቆጥብ የሚያሳየው፤ ጂ ዝቅተኛው ነው) ኤፍ፣ የ1992ቱ ቢ ነው።

አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው 2 በመቶ የስም ማዛወሪያ ግብር ይከፍላል። ለአንዱ 8,000፣ ለሌላው 8,800 ዩሮ መሆኑ ነው። 35 ዓመት ያልሞላው ገዢ ግን በሕይወቱ አንድ ጊዜ ከዚህ ነፃ ይሆናል። በ2025 የቤቱ ዋጋ ጣሪያ 525,000 ነበር። ባል 37፣ ሚስት 33 ከሆኑና ቤቱን እኩል ከገዙ፣ ባል በግማሹ ላይ ይከፍላል፣ ሚስት አትከፍልም። ዕድሜያችሁ የሚታየው ኖታሪሱ (ውል አጽዳቂው) ዘንድ ቤቱ በስማችሁ የሚዛወርበት ቀን ነው። ልደታችሁ ከተቃረበ ቀኑን አስቀድሙት፤ ሻጩ ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። አዲስ ቤት ላይ ይህ ግብር የለም። ብዙ ደስ አይበላችሁ፤ 21 በመቶ ቫት ቀድሞ ዋጋው ውስጥ ገብቷል።

አሁን ወደ አርባ ሺው እንምጣ። ከ2024 ጀምሮ ባንኮች ብድር ሲያሰሉ የቤቱን የኢነርጂ ደረጃ ያያሉ። ኤ ወይም ቢ ከሆነ፣ ገቢያችሁ ከሚፈቅደው በላይ 10,000 ዩሮ ሊጨምሩላችሁ ይችላሉ። ለሲና ለዲ 5,000 ነው። ለኢ፣ ለኤፍና ለጂ ምንም። ይህ ማለት ከአርባው ሺህ ልዩነት ላይ አስሩን ለ1992ቱ ቤት ባንኩ ራሱ ያበድራችኋል። የቀረውን ሠላሳ ሺህ የ1974ቱ ቤት እንዴት እንደሚበላው ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ኤን-ሃ-ኼ የሚባለው ብሔራዊ የቤት ብድር ዋስትናም አለ። የ2025 ጣሪያው 450,000 ነበር፣ ክፍያው ደግሞ ከብድሩ 0.4 በመቶ። 440,000 ብትበደሩ አንድ ጊዜ 1,760 ዩሮ ትከፍላላችሁ። በምላሹ ወለዱ ይቀንሳል፤ ሥራ ብታጡ ወይም ብትፋቱ ቤቱም በኪሳራ ቢሸጥ፣ መስፈርቱን እስካሟላችሁ ድረስ የቀረውን ዕዳ ሊሸፍን ይችላል። የ1992ቱ ቤት ጣሪያው ሥር ይገባል፣ የ490,000ው አዲስ ቤት ግን አይገባም።

ጨረታ ላይ ደግሞ ልብ አድርጉ። ባንክ የሚያበድረው እስከ ግምቱ ድረስ ብቻ ነው። 440,000 አቅርባችሁ ገማቹ 425,000 ካለ፣ አስራ አምስቱ ሺህ ከኪሳችሁ ይወጣል። መኪና በፕራይቬት ሊዝ (በየወሩ እየተከፈለ በሚያዝ የረጅም ጊዜ ኪራይ) የያዛችሁም ብድር ከመጠየቃችሁ በፊት አስቡበት፤ ወርሃዊ ክፍያው የምትበደሩትን ገንዘብ ያሳንሰዋል። ይህን የሰማ ሁሉ ይናደዳል፣ ግን እውነት ነው።

እንግዲህ የ1974ቱን ቤት እንክፈተው። ስትጎበኙ ሳሎኑን ተዉትና መግቢያው ላይ ያለውን የእግር መጥረጊያ ምንጣፍ አንሱ። ሥሩ ብዙ ጊዜ ክዳን አለ። ደላላውን ክፈትልኝ በሉትና በስልካችሁ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ከወለሉ ሥር አሸዋ ታያላችሁ። አሸዋው ደረቅ ከሆነ ደግ ነው። ውሃ ካቆረ ወይም የሽንት ቤት ሽታ ካለው፣ የፍሳሽ ቱቦው ተሰብሯል ብላችሁ ጠርጥሩ። ምዕራብ ሆላንድ ረግረግ ነው። ቤቱ በምሰሶ ላይ ቆሟል፣ መሬቱ ግን ቀስ እያለ ይሰጥማል፤ ቱቦውን አብሮ ይጎትተዋል።

ከዚያ ቀና በሉና የወለሉን ሆድ እዩ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ክዋይታልና ማንታ በሚባሉ ተገጣጣሚ ወለሎች ብዙ ቤት ተሠርቷል። ኮንክሪቱ ቶሎ እንዲደርቅ ክሎራይድ ይጨመርበት ነበር። እርጥበት ሲያገኘው ፌሮውን ያዝገዋል። የዛገ ፌሮ ያብጥና ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ቡናማ የዝገት መስመር፣ የተላጠ ጠርዝ፣ አሸዋው ላይ የወደቀ የኮንክሪት ፍርፋሪ ካያችሁ ክዳኑን መልሱና ውጡ። ሥሩ በፎም ከተረጨ ደግሞ ምንም ማየት አትችሉም፤ እኔ የማላየውን ወለል አልገዛም።

ቁጥጥሩ ይህ ብቻ አይደለም። ለሳንባ አደገኛ የሆነው የግንባታ ዕቃ አስቤስቶስ የታገደው በ1993 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት የጓሮው ዕቃ ቤት ጣሪያ፣ የመስኮት ደፍ፣ የድሮ ፕላስቲክ ምንጣፍ ሁሉ ሊጠረጠር ይገባል። የ1992ቱም ከዚህ አያመልጥም፣ ግን ያኔ አጠቃቀሙ በጣም ቀንሶ ነበር።

የአክስቴ ልጅ የገዛው እንዲህ ያለውን ነጭ ቤት ነው። ሻጩ አሮጌ ቤት እየገዛ፣ እየቀባ፣ እየሸጠ የሚኖር ነጋዴ ነበር። ውሉ ላይ «ሻጩ በቤቱ ኖሮ አያውቅም» የሚል አንቀጽ ገብቷል። ሌላው አንቀጽ «ቤቱ አሮጌ ስለሆነ የአዲስ ጥራት አይጠበቅበትም» ይላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ትርጉሙ «ችግር ቢወጣ ወደ እኔ እንዳትመጡ» ነው። በክረምቱ ላሚኔቱ ጠርዝ ጠርዙን አበጠ። ሲነቀል ሥሩ ያለው እንጨት በስብሷል፣ የፍሳሽ ቱቦው ተላቋል። ኩሽናው አዲስ ነው፤ ከኋላው ያለው ሽቦ ግን የ1974 ነው። ሚስቱ ምጣድ ስትጥድና ልብስ ማጠቢያው ሲዞር ቤቱ ይጨልማል። አንድ መስመር 16 አምፔር ነው፣ 3,680 ዋት ማለት ነው፤ ምጣድና ማጠቢያ አንድ ላይ አይችለውም። ቱቦው፣ ወለሉና የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ተደምረው ከ14,000 ዩሮ በላይ ጨረሱ። መስኮቱና የጣሪያው ሙቀት መከላከያ ገና አልተነኩም። እንግዲህ ያ ሠላሳ ሺህ እንዲህ ነው የሚበላው።

የተቀባ ቤትን መለየት ከባድ አይደለም። ሜተርካስቱን፣ ማለት የቆጣሪውን ቁምሳጥን፣ ክፈቱ። ግድግዳው ሁሉ አዲስ ሆኖ ብሬከሮቹ ሦስት ወይም አራት ብቻ ከሆኑ፣ ገንዘቡ የፈሰሰው ለፎቶ ነው።

አዲሱ ቤት ምን ይላል? የወረቀቱ ዋጋ የመጨረሻ ዋጋ አይደለም። የምትረከቡት ወለል የሌለው፣ ግድግዳው ያልተቀባ፣ ጓሮው አሸዋ የሆነ ቤት ነው፤ ኩሽናም ላይኖረው ይችላል። ሶኬት በተጨመረ ቁጥር ትከፍላላችሁ። እስኪያልቅ ድረስ የኪራይ ቤታችሁንም የብድሩን ወለድም ጎን ለጎን ትከፍላላችሁ። አንድ የምወድለት ነገር ሕጉ ነው፦ የመጨረሻውን 5 በመቶ ለተቋራጩ ሳይሆን ለኖታሪሱ አስይዛችሁ፣ ከርክክብ በኋላ ሦስት ወር ጉድለቱን ታስጠግናላችሁ። ይህን መብት አትልቀቁት። የማሞቂያ ወጪውም በእርግጥ ትንሽ ነው፤ ከሐምሌ 2018 ወዲህ ፈቃድ የተጠየቀባቸው ቤቶች ጋዝ አይገባላቸውም። ግን ብዙዎቹ ኩሽናቸው ከሳሎን ጋር የተከፈተ ነው፣ የምድጃ አየር መሳቢያውም አየሩን አጣርቶ እዚያው የሚመልስ ነው። ቁሌት ያቁላላ ሰው ይህን ያውቃል። ሶፋው ለሦስት ቀን ዶሮ ወጥ ይሸታል።

የዘጠናዎቹ ቤት እንከን የለውም አልልም። የጋዝ ማሞቂያው 15 ዓመት ካለፈው ሊቀየር ነው፣ ሁለት ሦስት ሺህ ዩሮ ያዙለት። ድርብ መስታወቱ የድሮው ዓይነት ነው። የእንጨት መስኮቱ ቀለም ይፈልጋል። ግን እነዚህ ሁሉ የሚታዩ፣ ዋጋቸው የሚታወቅ፣ በየተራ የሚሠሩ ናቸው። በጎረቤት መካከል ያለው ግድግዳም በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ ድርብ ነው፤ በበዓል ቀን እንግዳ ሲሞላ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ነገር ብቻ አጣሩ፦ አልሜረ፣ ፑርመረንድ ወይም ይፐንቡርኽ ከሆነ ቤቱ በከተማ ሙቅ ውሃ ሊሞቅ ይችላል። እዚያ አቅራቢ መቀየር የለም፣ ቋሚ ክፍያውም ማሞቂያውን ብታጠፉትም አይቀርም። የሻጩን የዓመት ሂሳብ ጠይቁ።

በባለሙያ ማስመርመር ጥቂት መቶ ዩሮ ነው። ደላላው «ያለ ምርመራ ቅድመ ሁኔታ ካላቀረባችሁ አታሸንፉም» ካለ፣ ዋጋ ከማቅረባችሁ በፊት መርማሪ ይዛችሁ ግቡ። ከፈረማችሁ በኋላ ሕጉ የሚሰጣችሁ ሦስት የማሰቢያ ቀን ነው፤ ለመርማሪ ቀጠሮም ላይበቃ ይችላል። የብድር ቅድመ ሁኔታውን (ብድር ካልተፈቀደልን ውሉ ይቅር የሚለውን) ግን በጭራሽ አታስወጡ። ካስወጣችሁና ብድሩ ከተከለከለ፣ ከዋጋው 10 በመቶ ቅጣት ይጠብቃችኋል፤ ለ440,000 ይህ 44,000 ዩሮ ነው።

የ1974ቱን የምመክርበት ጊዜም አለ። ሻጩ ልጆቹን እዚያው ያሳደገ ሰው ሲሆን፣ ወለሉን ዓይናችሁ ሲያየው፣ ቤት ውስጥ እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ሲኖር። ያኔ እንደ መስኮትና ጣሪያ መከላከያ ላሉ ኢነርጂ ቆጣቢ ሥራዎች ብቻ የሚውል እስከ 20,000 ዩሮ ተጨማሪ ብድር ለኢ፣ ለኤፍና ለጂ ቤት ይፈቀዳል። ግን በአርባ ሺህ ልዩነት አይሆንም። ከ370,000 በላይ አታቅርቡለት።