ማግኖሊያ ወይስ ሮማን? መጀመሪያ አፈሩን እዩ

ለግቢያቸው የሚያምር ዛፍ የሚፈልጉ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለ ማግኖሊያና ካሜሊያ ነው። አበባቸው ልብ ይሰርቃል፤ አልከራከርም። አፈራችሁ ኖራማ ከሆነ ግን ሮማን ትከሉ እላለሁ፤ ዋናው ምክንያቴም ወጪው ነው።

የማግኖሊያ ወጪ በችግኙ ዋጋ አያበቃም። የሚስማማው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበዛል) ከ5 እስከ 6.5 ገደማ የሆነ አሲዳማ አፈር ነው። ፒኤቹ ከ7.5 ካለፈ፣ አፈሩ ውስጥ ብረት ሞልቶ እያለ እንኳ ሥሩ በበቂ ሊወስደው አይችልም። ለጋው ቅጠል ቢጫ ይሆንና ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። ሲብስ ጠርዙ ይደርቃል፣ ቅርንጫፉም ይመነምናል። ብዙ ሰው ውኃ ያነሰው መስሎት ያጠጣዋል፤ ውኃው ራሱ ኖራ ካለበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

ቀጥሎ የብረት ማዳበሪያ ይገዛል፤ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ርካሹ የብረት ሰልፌት ኖራማ አፈር ውስጥ ቶሎ ይታሰራል፤ ሥሩ ጋ አይደርስም። “ኬሌት” (ብረቱን አፈሩ እንዳያስረው የሚይዝ ውህድ) የሚል ስላያችሁ ብቻም አትግዙ፣ ዓይነቱን አንብቡ። ኢዲቲኤ የሚባለው ፒኤች ከ6.5 በላይ ሲሆን ይደክማል። ኖራማ አፈር ላይ የሚሠራው ኢዲዲኤችኤ ነው፤ እሱም ውድ ነው፣ ደጋግሞም መጨመር ይፈልጋል። ዓይነቱ ያልተጻፈበት ከረጢት የቱንም ያህል ቢረክስ ይቅርባችሁ።

አፈሩን አሲዳማ ለማድረግ ድኝ መጨመርስ? ድኝን ወደ አሲድ የሚለውጡት የአፈር ባክቴሪያዎች ስለሆኑ ወራት ይፈጃል፤ ኖራው ብዙ ከሆነ አሲዱን እዚያው ያመክነዋል። ፒኤቹን ከ7.5 ወደ 5.5 ማውረድ ማለት አሲድነቱን 100 እጥፍ መጨመር መሆኑንም አስቡ። ጉድጓዱን በሌላ አፈር መሙላት ደግሞ የሚረዳው ሥሩ ከጉድጓዱ እስኪያልፍ ነው።

ሮማን ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ፀሐይ ካገኘና ውኃ ካልተኛበት ከቀላል አሲዳማ እስከ ኖራማ አፈር ችሎ ያድጋል፤ ያ ደማቅ ቀይ አበባው ላይ ፍሬም ይመርቃል። ጥላ የምትፈልጉ ከሆነ ትንሽ ነው፤ ለእናንተ ወይራ ይሻላል፣ ዕድገቱ ዝግ ያለ ቢሆንም።

አፈራችሁ በእርግጥ አሲዳማ ከሆነ ማግኖሊያውን ያለ ሥጋት ግዙ።

ይህን ለማወቅ እግሩን አፈር ላይ የሚተክሉትን ርካሽ መለኪያ አትመኑ፤ የሚያሳየው ቁጥር ይዋዥቃል። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ አንድ ማንኪያ አፈር አውጡ፣ አድርቁት፣ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ እያወጣ ከተንጫጫ ኖራ አለው፤ የማግኖሊያውን ነገር እዚያው ተዉት። ዝም ካለ ግን አሲዳማ ነው ማለት ስላልሆነ ችግኙን ከመግዛታችሁ በፊት ላቦራቶሪ አስመርምሩት። ናሙናውን ዛፉ ከሚቆምበት ቦታ ውሰዱ። ግድግዳ ሥር የሲሚንቶ ፍርስራሽ ስለሚቀበር፣ የዚያ አፈር ከግቢው መሀል ይልቅ ኖራማ ሊሆን ይችላል።