የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም ልትገዙ ነው? ዳሽቦርዱን ዝጉትና መጀመሪያ ይሄን ጠይቁ

የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም ለማሠራት ወይም ለመግዛት ያሰባችሁ ነጋዴዎች፣ የድርጅት ኃላፊዎች፣ የስቶር ሰዎች፣ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ከፍላችሁ ጨርሳችሁም ከሆነ አንብቡ፤ ወደ መጨረሻው ለእናንተም የሚሆን ነገር አለ።

የምሠራበት ድርጅት አንድ ሲስተም አሠርቶ ነበር። የሻጩን ስም አልጠራም። ሌላውም ብዙ ሻጭ የሚሸጠው ያንኑ ስለሆነ ስም መጥራቱ አይጠቅማችሁም። ዲሞው፣ ማለትም ሻጩ ሲስተሙን የሚያሳይበት ሙከራ፣ አፍ ያስከፍታል። ባለቀለም ዳሽቦርድ (ቁጥሮቹን ጠቅልሎ የሚያሳይ ገጽ)፣ ስልክ ላይ የሚከፈት ሪፖርት፣ ዕቃ ሊያልቅ ሲል የሚጮህ ማስጠንቀቂያ፣ ምን የሌለ ነገር አለ! የመጀመሪያው ቆጠራ ሲደርስ ግን ሲስተሙ "ባትሪ 140" ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው 112 ነው። ልዩነት በየትኛውም ስቶር ያጋጥማል። እኛ ማወቅ የፈለግነው 28ቱ መቼ፣ በየትኛው ሰነድ፣ በማን እጅ እንደወጡ ነው። ሻጩ የመለሰልን "ችግር የለውም፣ ቁጥሩን 112 አድርጉትና ቀጥሉ" ብሎ ነው።

ሲስተሙም 112ን ያለ ምንም ጥያቄ ዋጠው። ማን ቀየረው፣ ለምን ቀየረው፣ ከስንት ወደ ስንት፣ አንዱም የትም አልተጻፈም። የሚጻፍበት ቦታም አልተሠራለትም።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያሉ ሲስተሞች ዳታቤዛቸው (መረጃው የሚቀመጥበት ክፍል) ውስጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ "ብዛት" የሚል አንድ ቁጥር ብቻ ያስቀምጣሉ። ሲገባ ይደመርበታል፣ ሲሸጥ ይቀነስበታል። አዲሱ ቁጥር በአሮጌው ላይ ይጻፋል፣ አሮጌው ይጠፋል። ወረቀት ላይ የሚሠራ ስቶር ኪፐር እንኳ ቢን ካርዱ ላይ ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪና የሰነድ ቁጥር አለው። ታዲያ ገንዘብ ከፍለን የገዛነው ኮምፒውተር ከካርቶን ወረቀት ሲያንስ ምን ይባላል?

በደንብ የተሠራ ዳታቤዝ የእንቅስቃሴ ሠንጠረዥ አለው። ዕቃ ሲገባ አንድ ረድፍ፣ ሲሸጥ አንድ ረድፍ፣ ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው ሲዛወር ሁለት ረድፍ፤ ከአንዱ ወጪ፣ ለሌላው ገቢ። ሲመለስ፣ ሲሰበር፣ በቆጠራ ሲስተካከል፣ ሁሉም ረድፍ አለው። እያንዳንዱ ረድፍ ላይ የትኛው ዕቃ፣ የትኛው መጋዘን፣ ስንት፣ መቼ፣ ማን፣ በምን ሰነድ፣ ለምን የሚለው ይጻፋል። የተጻፈው ረድፍ አይሰረዝም፣ አይታረምም። ስህተት ከተገኘ የሚያስተካክለው ሌላ ረድፍ ይጨመራል። ቀሪው የሁሉም ድምር ነው። ለፍጥነት ሲባል ቀሪውን ለብቻው ማስቀመጥ ይቻላል፣ በዚህ አልጣላም። ከእንቅስቃሴው ተነስቶ በማንኛውም ጊዜ እንደገና ሊሰላ ግን ይገባል።

ስለዚህ ዲሞ ላይ ሻጩ ማውራት ሲጀምር አስቁሙትና "ያለፈው ወር በ15ኛው ቀን ማታ ከዚህ ዕቃ ስንት ነበረን?" በሉት። ቀጥሎ አንድ ዕቃ ብዛቱን እንዲቀይር አድርጉና ማን እንደቀየረው እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ብዛቱ ላይ ጠቅ አድርጎ ሌላ ቁጥር ጽፎ "ሴቭ" ካለና ነገሩ በዚያው ካለቀ ቡናችሁን ጨርሳችሁ ውጡ።

"እሱን በኋላ እንጨምረዋለን" ይላችኋል። እዚች ላይ አትለሳለሱ። የቁልፍ ቀለም በኋላ ይቀየራል። ሪፖርት በኋላ ይጨመራል። ያልተመዘገበ እንቅስቃሴ ግን በኋላ ከየት ይመጣል? ስድስት ወር ከሠራችሁ የስድስት ወሩ ታሪክ የለም፣ አለቀ።

"ማን" የሚለው ነገር ሌላም ጣጣ አለው። ሲስተሙ ተጠቃሚውን ቢመዘግብም ሁሉም ሠራተኛ "አድሚን" በሚል ስምና በአንድ ፓስዎርድ የሚገባ ከሆነ ምዝገባው ዋጋ የለውም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ይኑረው። የሚሸጠው ሰው ቆጠራ ማስተካከል አይችል፣ የሚያስተካክለውም አይሽጥ። ሻጮች ይሄን "ፕሪሚየም ፓኬጅ" ብለው ለብቻው ሲሸጡ ሳይ ይገርመኛል። በር ሠርቶ ቁልፉን ለብቻው ማስከፈል ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ቀዳዳ ዲሞ ላይ በጭራሽ አይታይም፤ ዲሞ የሚሠራው አንድ ሰው በአንድ ኮምፒውተር ነዋ። ከአንድ ዕቃ የቀረው አንድ ብቻ ነው እንበል። ሁለት ሻጮች በሁለት ስክሪን እኩል ከፈቱት። ሁለቱም "1" አዩ፣ ሁለቱም ሸጡ። ሁለት ደረሰኝ፣ አንድ ዕቃ። ወይም ደግሞ ደረሰኙ ተመዝግቦ ዕቃው ከስቶክ ሳይቀነስ መብራት ጠፋ። ዳታቤዞች ለዚህ መፍትሔ ካገኙለት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ትራንዛክሽን ይባላል፤ ሽያጩና ቅነሳው ወይ አብረው ይመዘገባሉ ወይ አንዳቸውም አይመዘገቡም። አንዱ ሰው ረድፉን ሲይዝ ሌላው ይጠብቃል። ችግሩ ፕሮግራመሩ ይሄን ካልተጠቀመበት መኖሩ ብቻ አይፈይድም።

ሲስተሙ ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የተሠራ ከሆነ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ ሠንጠረዦቹ የሚቀመጡበት ዓይነት ኢኖዲቢ ነው ወይስ ማይአይሳም? የድሮው ማይአይሳም ትራንዛክሽን አያውቅም። ሠንጠረዥን ከሠንጠረዥ የሚያስተሳስረውን ትእዛዝም ሲሰጡት ስህተት ሳይናገር ዝም ብሎ ያልፈዋል። ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ፣ ከ5.5 ስሪት ጀምሮ፣ መደበኛው ኢኖዲቢ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ኮድ እየገለበጡ የሚሸጡ ግን አሉ። ጥያቄው ካላማራችሁ ፈትኑት። ሁለት ላፕቶፕ አምጡ፣ አንድ ፍሬ የቀረው ዕቃ ምረጡ፣ ሦስት ቆጥራችሁ እኩል "ሽጥ" የሚለውን ተጫኑ። ሻጩ ፊቱ ሲቀያየር ታያላችሁ።

አንድ እውነት በአንድ ቦታ ብቻ ይቀመጥ የሚለው ነገር የቆየ ነው። የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ በዝምድና የተያያዙ ሠንጠረዦችን ሐሳብ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ዛሬም ድረስ የዕቃውን ስም በየሽያጩ ላይ በእጅ የሚያስጽፍ ሲስተም ይሸጣል። አማርኛ ለምንጽፈው ደግሞ ይሄ ድርብ ቅጣት ነው። አንዱ "ጸጉር ማድረቂያ" ይጽፋል፣ ሌላው "ፀጉር ማድረቂያ"። ለእኛ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያየ ፊደል፣ ስለዚህም ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው። አንዱ "አልቋል" ሲል ሌላው ላይ አሥር ይቀራል። ዕቃው አንድ ጊዜ ተመዝግቦ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠው፣ ሽያጩ ያንን ቁጥር ይጥቀስ። ፍለጋውም ጸና ፀን፣ ሰና ሠን እንዲያመሳስል ጠይቁ፤ ከባድ ሥራ አይደለም።

መለኪያም ብዙዎቹ የሚወድቁበት ቦታ ነው። በካርቶን ትገዛላችሁ፣ በፍሬ ትሸጣላችሁ። ካርቶኑ 24 ይይዛል። አቅራቢው አንድ ቀን ወደ 20 ይቀይረዋል። ፕሮግራሙ ብዛቱን በካርቶን የሚይዝ ከሆነና እናንተ 24ን ወደ 20 ከቀየራችሁት የድሮው ግዢ ሁሉ አብሮ ይለወጣል። ብዛቱ ሁልጊዜ በትንሿ መለኪያ ይያዝ፤ ካርቶኑ ስንት እንደነበረ ደግሞ እያንዳንዱ ግዢ ላይ ይጻፍ።

ዋጋም እንዲሁ። ባለፈው ዓመት የተቆረጠ ደረሰኝ እንደገና አትሙ በሏቸው። የዛሬው ዋጋ ከወጣ ሲስተሙ የሸጣችሁበትን ዋጋ አልያዘም ማለት ነው። ትርፋችሁን በምን ታሰላላችሁ? የወጪ ስሌቱም ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል ነው ወይስ የተመዘነ አማካይ የሚለውን ከፕሮግራመሩ በፊት ሒሳብ ሠራተኛችሁን ጠይቁ። ዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ፣ አይኤኤስ 2፣ በመጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል የሚለውን ዘዴ አይፈቅድም። ሳንቲሞቹ የሚያዙት ደግሞ በአስርዮሽ ዓይነት ይሁን። ተራው ተንሳፋፊ ቁጥር፣ ኮምፒውተሩ ክፍልፋይን በግምት የሚይዝበት ዓይነት፣ 0.1 እና 0.2 ሲደመር 0.30000000000000004 ይላል። ትንሽ ትመስላለች፣ በሺህ ደረሰኝ ግን ሒሳብ ሠራተኛ ታሳብዳለች።

ባርኮድ በቁጥር ዓይነት ከተያዘ ከፊት ያለችው ዜሮ ትጠፋለች። በጽሑፍ ዓይነት ይያዝ። ይሄው ነው።

ኤክሴልን አሳምሮ "ዳታቤዝ" ብሎ የሚሸጥላችሁም አይጠፋም። ለትንሽ ሱቅ ኤክሴል ነውር የለውም፤ ነውሩ በዳታቤዝ ዋጋ መሸጡ ነው። አንድ ገጹ 1,048,576 ረድፍ ይይዛል፣ የድሮው የፋይል ዓይነት ደግሞ 65,536 ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣን ያንን የድሮ ፋይል ሲጠቀም ሞልቶበት ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎች ከሪፖርት ቀርተዋል። አክሰስ የሚባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ፋይልም ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። በተቃራኒው ፖስትግሬስኪውኤልና ኤስኪውላይት የሚባሉት ዳታቤዞች በነጻ የሚገኙ ናቸው። ደረሰኙ ላይ ለእነዚህ "የዳታቤዝ ላይሰንስ ክፍያ" የሚል ካያችሁ ማብራሪያ ጠይቁ።

ትልቅ ስም ያለው ሶፍትዌርም በራሱ ዋስትና አይሆንም። ታርጌት የተባለው የአሜሪካ የሱቆች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ካናዳ ሲገባ የተጠቀመው የታዋቂውን የሶፍትዌር ኩባንያ የኤስኤፒን ሲስተም ነበር። የገባው የዕቃ መረጃ በስህተት የተሞላ ስለነበር መጋዘኑ ሞልቶ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ከውድቀቱ ምክንያቶች አንዱ ተብሎ የሚጠቀሰው ይሄ ነው። በ2015 ድርጅቱ 133ቱንም ሱቆች ዘግቶ ወጣ። ስለዚህ መረጃውን ማን ያስገባል፣ ማንስ ያጣራል የሚለው ውሉ ውስጥ ይግባ። "ዳታ ኢንትሪ በደንበኛው" ከሚል መስመር ተጠንቀቁ።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። እኛ ሲስተሙን ለመተው ስንወስን ዳታችንን ስጡን አልን። የተሰጠን ፒዲኤፍ ነው። በመቶ የሚቆጠር ገጽ ፒዲኤፍ! የዳታቤዙ ዋና ፓስዎርድ በሻጩ እጅ ነበር፣ ሰርቨሩም የእሱ። ውሉ ላይ ዳታው የማን እንደሆነ አንድ ቃል የለም። ይሄ ዝም ብሎ የተረሳ አይመስለኝም፤ ደንበኛ እንዳይሄድ የሚታሰርበት ገመድ ነው። ውል ስትፈራረሙ ዳታው የእናንተ መሆኑ ይጻፍ፣ ዋናው ፓስዎርድ በታሸገ ፖስታ ይሰጣችሁ፣ በየወሩ ሙሉው ዳታ ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል በሲኤስቪ ወይም በኤስኪውኤል ፋይል ከሠንጠረዦቹ መግለጫ ጋር ይድረሳችሁ። ዓመታዊ ጥገና ካልከፈላችሁ ሲስተሙ ራሱን ይቆልፍ እንደሆነም ጠይቁ። ይቆልፋል ካሉ ተቆልፎም ቢሆን ዳታ ማውጣት እንደሚቻል በጽሑፍ ያረጋግጡላችሁ።

"ባክአፕ አለ" ሲሏችሁ የት እንዳለ ጠይቁ። እዚያው ዲስክ ላይ ያለ ባክአፕ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። እ.ኤ.አ. ጥር 2017 መጨረሻ ላይ ጊትላብ የተባለው የፕሮግራመሮች ድርጅት አንድ ሠራተኛው በስህተት ዳታቤዝ አጠፋበት። አምስት የባክአፕና የቅጂ ዘዴ ነበራቸው። አንዱም በቅጡ አልሠራም፤ የስድስት ሰዓት ያህል ዳታ ጠፋ። እነሱ እንዲህ ከሆኑ የእኔና የእናንተ ሻጭ ምን ሊሆን ነው? ባክአፑን ፊታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ እንዲያስነሳው አድርጉ። ካልተነሳ ባክአፕ የላችሁም።

ክፍያውን ከፋፍሉት። የመጨረሻው ክፍያ ሲስተሙ ተጭኖ ሳይሆን አንድ ሙሉ ቆጠራ ተደርጎ፣ ልዩነቱ በሙሉ በእንቅስቃሴ ረድፍ ተብራርቶ ሲያልቅ ይሁን። በሥራው የሚተማመን ሻጭ ይሄን አይፈራም፤ የሚፈራውን ያኔ ትለዩታላችሁ።

ቀድማችሁ ለገዛችሁ፦ ዛሬውኑ ዋናውን ፓስዎርድ ጠይቃችሁ ቀይሩት። ብዛትን በቀጥታ የመቀየር ፈቃድ ከአንድ ሰው በቀር ከሁሉም ላይ አንሱ፣ ያ ሰውም ሲቀይር ደብተር ላይ ይፈርም። በየማታው የሁሉንም ዕቃ ቀሪ በፋይል አውጥታችሁ በቀኑ ስም አስቀምጡ። ሲስተሙ የማይዘው ታሪክ ቢያንስ በቀን በቀን ይኖራችኋል፣ ልዩነት ሲመጣም የትኛው ቀን ላይ እንደተፈጠረ ታገኛላችሁ። ውድ የሆኑትንና ቶሎ የሚወጡትን ዕቃዎች ደግሞ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂቱን ቁጠሩ፣ የዓመቱን ቆጠራ አትጠብቁ። ቢን ካርዱንም ገና አትጣሉት።