አንድ የሳሪስ ሥጋ ቤት፦ ቁርጡ፣ ጥብሱና የኮሶ ትል ነገር

የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግሥት ሳሪስ ውስጥ ባለ አንድ ሥጋ ቤት ከባልንጀሮቼ ጋር ተመግቤ ነበር። በሥጋው ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቆራጩ ሽንጡን ከተሰቀለበት አውርዶ ዓይናችን እያየ ቆረጠልን፣ ሚዛኑም ወደ እኛ ዞሮ የተቀመጠ በመሆኑ የምንጠረጥረው ነገር አልነበረም። በጠጅ የተለወሰው አዋዜም እጅ ያስቆረጥማል።

ቅር ያሰኘኝ ሌላ ነገር ነው። ከመካከላችን አንዷ «ቁርጡ ኮሶ አያሲዝም?» ብላ ስትጠይቅ አስተናጋጁ ሳቅ ብሎ «እህቴ፣ ሚጥሚጣው ይገድለዋል፤ ያመለጠ ካለም አረቄ አለ» አላት። ቀልድ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ከልቡ ያምነዋል። የኮሶ ትል እጭ ያለው በሥጋው ገጽ ላይ ሳይሆን በጡንቻው ውስጥ፣ አተር በምታህል ውኃ አዘል ከረጢት ተሸፍኖ ስለሆነ፣ ከላይ የሚነሰነሰው ሚጥሚጣም ሆነ ከኋላ የሚጠጣው አረቄ አይገድለውም። ከብቱ እጩን የሚያገኘው የትሉ እንቁላል ባለበት የሰው ዓይነ ምድር የተበከለ ሣር ሲግጥ ነው፤ እኛ ደግሞ ያንኑ ሥጋ በጥሬው ስንበላ ትሉ በአንጀታችን ውስጥ በሁለት ወር ገደማ ይዳብርና ብዙ ሜትር ይረዝማል። የዳበረው ትል ከሰው አንጀት በቀር ሌላ ቤት የለውም፤ በሬው በከንቱ ይታማል።

ባለቤቱን ስጠይቃቸው ቅር ሳይላቸው በታፋው ላይ ያለውን የቄራ ማኅተም አሳዩኝ፤ ይህ የሚያስመሰግናቸው ነው። ሆኖም መርማሪው የሚያየው መንጋጋን፣ ምላስን፣ ልብንና ወርችን የመሳሰሉትን ሰንጥቆ እንጂ እያንዳንዱን ብልት ዘልዝሎ ስላልሆነ፣ ጥቂት እጭ ብቻ ያለበት በሬ ምርመራውን ሊያልፍ ይችላል።

እኔ ያዘዝሁት ደረቅ ጥብስ ነበር፤ እስከ ውስጡ በስሎ፣ ሮዝመሪው እየሸተተ በሸክላ ምጣድ መጣ። እጩን የሚገድለው እንዲህ ያለው ብስለት ነው፤ ለብለብ አይበቃም። ሥጋን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ለ10 ቀን ማቆየትም ይገድለዋል፤ ግን ትኩስነቱ የሚወደድለትን ቁርጥ ማን በረዶ ቤት ይከተዋል?

አያቴ ለዚህ መላ ነበራቸው፤ የሴቴዋን የኮሶ ዛፍ ደረቅ አበባ ወቅጠው፣ በውኃ በጥብጠው፣ በባዶ ሆድ ይጠጡ ነበር። ምሬቱ ከፊታቸው ይነበብ ነበር፤ መጠኑ ሲበዛ ዓይንን ሊጎዳ እንደሚችል ግን የነገራቸው አልነበረም። ዛሬ በሐኪም ትእዛዝ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ፕራዚኳንቴል ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ለጥብሱ ስል ተመልሼ እሄዳለሁ። ግማሽ ኪሎ ቁርጥ ብቻውን ለጨረሰው ባልንጀራዬ ግን ከሦስት ወር በኋላ ሰገራውን እንዲያስመረምር ነግሬው፣ ቀኑን በስልኩ ላይ አስመዝግቤዋለሁ።