የአባቴ ቮልስ፦ ለአንድ ኦይል ሲል ሁለት ጊዜ የወረደ ሞተር

ለእረፍት ሀገር ቤት ስትገቡ ቤተሰብ ያቆየውን አሮጌ መኪና ለማሠራት ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ሳታነቡ ጋራዥ አትግቡ። የምጽፈው ስለ ሁለት ጋራዦች ነው። አንዱ አንጀቴን አሳርሮታል፣ ሌላው አርሶታል።

መኪናው የአባቴ ቮልስ ነው። ውጭ ሀገር ሆኜ የዚያን ሞተር ድምፅ ስንቴ እንደናፈቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ስደርስ ግን ከቆመበት ሥር ዘይት ይንጠባጠባል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይሄድም፤ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። ከታች ሲታይ ዘይቱ የሚወርደው ሞተርና ካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን) ከሚገናኙበት ቦታ ነው።

እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ኦይል ሲሎች፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚያግዱ ቀለበቶች፣ ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንዱ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ጀርባ ያለው የሞተሩ ነው፤ ሌላው የካምቢዮው ሻፍት የሚወጣበት ነው። የትኛውም ቢያፈስ ዘይቱ የሚንጠባጠበው በአንድ ቦታ ነው። ሁለቱንም ለመድረስ ሞተር ማውረድ ግድ ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ኃላፊ ከሥር አንዴ አየት አደረገና «የሞተር ነው» አለ። ዘይቱን በጣቱ እንኳ አልነካውም። ሞተሩ ወረደ። ከዚያ በኋላ «ነገ»፣ «ዕቃው ጠፋ»፣ «ልጁ አልገባም» ሆነ ነገሩ። ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተ፣ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ከፋብሪካ ሲወጣ የቆየ መኪና ኦይል ሲል እንዴት ይጠፋል? የዕረፍት ጊዜዬ እያለቀ ስልክ በመደወልና በራቸው ላይ በመቆም ዋልኩ። በመጨረሻ የቮላኖውን ኦይል ሲል ቀይረው መልሰው ገጠሙት፤ ከፍለን ወጣን።

ብዙም ሳይቆይ ያው ዘይት፣ በያው ቦታ። ወንድሜ ይዞት ሲመለስ የተሰጠው መልስ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሌላ ሥራ ነው፤ የካምቢዮ ነው። ሞተር ስለሚወርድ የእጅ ዋጋው እንደ በፊቱ ነው» የሚል ነበር። ያናደደኝ ይህ ነው። ሞተሩ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ የካምቢዮው ኦይል ሲል ከፍሪሲዮን ኩሽኔታው ጀርባ፣ ዓይናቸው ፊት ነበር። ዋናው ድካም ሞተሩን ማውረድና መግጠም ነው፤ ሲሉ ራሱ ከላስቲክና ከብረት የተሠራች ትንሽ ቀለበት ናት። ይባስ ብሎ ዘይት የጠጣውን የፍሪሲዮን ሸራ እንዳለ መልሰው ገጥመውታል። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ቢያጥቡትም እንደ ቀድሞው አይዝም።

እኔ በምኖርበት ሀገር ብዙ ጋራዦች ግምቱን በጽሑፍ ይሰጣሉ፣ ተጨማሪ ሥራ ሲገኝ ደውለው ያስፈቅዳሉ፣ የተቀየረውን ዕቃም ያሳያሉ። ግን እዚያ ያሉ ወጣት መካኒኮች ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ሞተር ነክተው አያውቁም። ለዚህ ሥራ የሀገሬን እጅ ያመንኩት ለዚህ ነው፤ ሁለተኛው ጋራዥም ትክክል መሆኔን አሳይቶኛል።

ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው። ከሥር የወረደውን ዘይት በጣታቸው ነክተው «አሽትተው፣ ልጄ» አሉኝ። ድኝ ድኝ ይላል፤ የካምቢዮ ዘይት ነው፤ የሞተር ዘይት እንዲህ አይሸትም። ቀጥለው በካምቢዮው ጎን ያለውን የዘይት መሙያ ፈቱ፤ ጣታቸው ውስጥ ገብቶ ዘይት አላገኘም። ያለ በቂ ዘይት ስንነዳው ቆይተናል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ሞተር ማውረድ አላስፈለጋቸውም።

ሲያወርዱት ሞተሩ ከሻፍቱ ሙሉ በሙሉ እስኪላቀቅ ድረስ በክሪክ ደግፈው ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ሳቡት። ክብደቱ ሻፍቱ ላይ ካረፈ ሻፍቱን ወይም ሸራውን ያበላሻል። አሮጌው ሲል ደርቆ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል። ሻፍቱ ላይ ሲሉ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍራቸው ፈትሸው ጭረት አለመኖሩን አረጋገጡ፤ ጭረት ቢኖር አዲሱም ያፈስ ነበር። የሻፍቱን ጥርሶች በፕላስተር ሸፈኑ፣ የአዲሱን ሲል ከንፈር ዘይት ቀቡት፣ ስፕሪንግ ያለበትን ጎን ወደ ካምቢዮው አዙረው ዙሪያውን እኩል እየመቱ አስገቡት። አዲሱን ሸራ ልክ መሃል ላይ እንዲቀመጥ በአሮጌ ሻፍት እያስተካከሉ ገጠሙት። ዘይቱን ሲሞሉም ጂኤል-5 የሚባለውን የካምቢዮ ዘይት ደረጃ አልፈለጉም፤ ቅመሙ የማርሹን የናስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል ብለው ውፍረቱ 80 በ90 የሆነ ጂኤል-4 አስገዙን፤ ከመሙያው አፍ እስኪደርስ 2.5 ሊትር አካባቢ ወሰደ።

እንግዲህ ይህን ሥራ የምታሠሩ ሁሉ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት የካምቢዮው ዘይት ልክ እንዲታይ ጠይቁ። ከወረደ በኋላ ሁለቱም ሲሎች አብረው ይቀየሩ፤ አሮጌዎቹን በእጃችሁ ተቀበሉ። ሸራው ዘይት ከነካው አዲስ ይግባ። የእጅ ዋጋውም ለሞተሩ መውረድና መግጠም አንድ ጊዜ መሆኑን ከጅምሩ አጽፉ።

ጋሼ ሂሳቡን የሰጡን ዕቃውንና የእጅ ዋጋቸውን ለየብቻ ጽፈው ነው። መኪናው ወደ ውጭ እስከተመለስኩበት ቀን ድረስ ጠብታ አላፈሰሰም። የመጀመሪያው ጋራዥ ግን የወሰደውን አልመለሰም፤ ወንድሜ እስከ ዛሬ እየተመላለሰ ነው።