ለ1971 የሮክ ፕሮግራም፦ አጭሩ ሲንግል ወይስ ረጅሙ የአልበም ቅጂ?

በፈረንጆቹ 1971 ላይ የሚያተኩር የአንድ ሰዓት የሬዲዮ ፕሮግራም ስታዘጋጁ ይህ ጥያቄ አይቀርም። የ«ዘ ሁ» ባንድን «ዎንት ጌት ፉልድ አጌን» እንውሰድ።

ሲንግሉ (ከአልበሙ ተለይቶ ለብቻው የወጣው አጭር ቅጂ)፦ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ። ለሌሎች ዘፈኖች ቦታ ይተርፋል።

የአልበሙ፦ ስምንት ደቂቃ ተኩል። ሰዓቱን ይበላል። ግን ወደ መጨረሻው ኦርጋኑ ብቻውን ይቀራል፤ ከበሮው ይገባል፤ ከዚያ የባንዱ ድምፃዊ የሮጀር ዳልትሪ ጩኸት! ይህን ጉዞ መቁረጥ ያንገበግበኛል።

የትኛውንም ቅጂ ብትመርጡ ዘፈኑ የ1971 መሆኑን አጣሩ። የሮሊንግ ስቶንስ «ብራውን ሹገር» የተቀዳው በ1969 መጨረሻ ነው፤ የወጣው ግን በ1971። እኔ የወጣበትን እይዛለሁ።

ማስታወቂያ ለሚበዛበት የጠዋት ሰዓት ሲንግሉ ይሻላል። አድማጭ ተረጋግቶ ለሚሰማበት ማታ ረጅሙን ልቀቁት፤ ጩኸቱ ሳያልቅም ማውራት አትጀምሩ።