ተጎታች ቤት፦ አዲስ በብድር ወይስ ያገለገለ በካሽ?

አሜሪካ ውስጥ የቤት ኪራይ ትቶ በመኪና በሚጎተት ቤት እየተዘዋወረ መኖር ላሰበ ሰው ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው።

አዲስ በብድር፦ የፋብሪካ ዋስትና አለው። ግን ብድሩ 10 ወይም 15 ዓመት ሊሄድ ይችላል፤ ዋጋው ደግሞ ከሻጩ ግቢ እንደወጣ መውረድ ይጀምራል። ልሽጠው ሲሉ ዕዳው ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። አንዳንድ አበዳሪዎችም ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው አያበድሩም።

ያገለገለ በካሽ፦ ወርሃዊ ክፍያ የለም። ጠላቱ ውሃ ነው። ጥጋጥጉን በእግርዎ ጫን ብለው ይርገጡት። ወለሉ ከሰረጎደ ውሃ ገብቶታል፤ ይተዉት።

ክብደቱን የሚችል ጎታች መኪና ለሁለቱም ያስፈልጋል።

ጥገና ለሚችል፣ በምዕራቡ በኩል እስከ 14 ቀን በነጻ በሚታደርበት የፌዴራል መሬት እየተዘዋወረ ለሚኖር፣ ያገለገለው ይሻላል። ቋሚ ደመወዝ ላለውና መፍቻ መያዝ ለማይወድ አዲሱ ይቀላል።